የእጄ አንጓ

እሺ... ይሰማል? ይሰማል መሰለኝ።

እንዴት ሰነበታችሁ። ባለፈው ሳምንት የፖድካስታችን ክፍል አልወጣም። ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኝ «በዓል ነው» ብዬ አለፍኩት። በዓልስ በዓል ነበር፤ ምክንያቱ ግን እሱ አይደለም። ሁለቴ ቀድቼ ሁለቴም አጠፋሁት። ዛሬ ዳግማይ ትንሣኤ ነው፣ ሰፈሩ ጸጥ ብሏል፣ መብራትም አለ። እስኪ ልሞክር።

እማዬ መጥታለች። ከድሮ ጀምሮ ለምትሰሙኝ ይኼ ብቻውን ትልቅ ወሬ ነው። ከሰኔ ወዲህ ተያይተን አናውቅም። የበለሳ መንገድ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል፤ እኛም በስልክ «በላሽ?» «በላሁ» እየተባባልን ከረምን። ለፋሲካ ግን እንደምንም ብላ አዘዞ አክስቴ ቤት ገባች። ቅዳሜ ማታ ነጠላዬን ተከናንቤ ደረስኩ። አቀፈችኝ፣ ሳመችኝ፣ ደጋግማ ሳመችኝ። በጋቢውና በነጠላው ውስጥ ምንም አላየችም። ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድን።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት አካባቢ ተመለስን። መብራት ጠፍቶ ነበር። አክስቴ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣችውን ጧፍ መሶቡ አጠገብ አቆመችው። እማዬ የቀዳም ሥዑሩን ቄጠማ አሁንም ግንባሯ ላይ እንዳሰረች ነች። እኔ እጇን ላስታጥባት ማስታጠቢያውን አነሳሁና የቀሚሴን እጅጌ ወደ ላይ ሰብሰብ አደረግሁ። ውሃ እያፈሰስኩላት ነው እንግዲህ። አንድ ጊዜ አሸችው፣ ሁለት ጊዜ አሸችው፣ ከዚያ እጇ ቆመ። ቀና ስል የኔን እጅ ነው የምታየው። በእርጥብ እጇ አንጓዬን ያዘችው። አውራ ጣቷንና የመሃል ጣቷን እንዲህ አዙራ... አታዩኝም እንጂ አሁን እየያዝኩት ነው... ጣቶቿ ተገናኙ። ተገናኝተው ተደራረቡ። እንደዚያ እንደያዘችኝ ቀስ ብላ ወደ ክንዴ ወጣች፤ የት ላይ ጣቶቿ እንደሚለያዩ የምትፈልግ ይመስላል።

«አሞሻል?» አለችኝ።

«ኧረ ደህና ነኝ እማዬ።»

«ጤነኛ ሰው ይከሳል?»

«አልከሳሁም፣ ቀነስኩ።»

ቆይ፣ እዚህች ላይ ትንሽ ልቁም። ያቺን ቃል ስናገር ልክ ክብደት መቀነሻ ግሩፓችን ውስጥ እንደምንናገረው ነው የተናገርኳት። ቀነስኩ። አስቡት፣ ከዚህ በፊት እማዬ ፊት ይችን ቃል ስለ ሰውነቴ ተናግሬ አላውቅም። ለሷ ሰው ይወፍራል፣ ያምርበታል፤ ወይ ይከሳል፣ ይመነምናል፣ ይጠወልጋል። መቀነስ አንቺ የምታደርጊው ነገር ነው። መክሳት ግን የሚደርስብሽ ነገር ነው። «ከስተሻል» የሚል ሰው ቀጥሎ «ምን ሆነሽ ነው?» ነው የሚልሽ። እዚህ ጎንደር ፒያሳ ላይ የማውቃቸው ሰዎች አሁንም «ምነው በደህና?» ይሉኛል፤ እኔም «በደህና ነው» እላለሁ፤ የማያምኑኝ አሉ። ይሄን ለምጄዋለሁ። የእናት ግን ሌላ ነው።

ስንት ቀነስሽ አላለችም። እኔ ነኝ የነገርኳት። ደስ ይላታል ብዬ መሰለኝ። ግሩፑ ውስጥ ቁጥር ስትናገሪ እልልታ ነው የሚመጣልሽ፤ ከአዳማም፣ ከሐዋሳም፣ ከዚያች ከቤሩት ከምትጽፍልን ልጅም። ለምጄ ነው። «13 ኪሎ» አልኳት። እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ወደ ውጭ፣ ወደ ጓሮው አየችና «ውጭ የታሰረው በግ ታርዶ ሥጋው 13 ኪሎ ይወጣዋል?» አለች። አክስቴን ነው የጠየቀቻት። አክስቴ አልመለሰችላትም።

እኔም እጄን ነጠቅኳት።

አላስለቀቅኩትም፤ ነጠቅኳት። ውሃው ጉዝጓዙ ላይ ፈሰሰ። ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ ስምንት ቀን ሙሉ አስቤዋለሁ። የተናደድኩ አልመሰለኝም። የበጉ ነገር ሆዴን አባባው እንጂ። ዘጠኝ ወር! ከሐምሌ ጀምሮ፣ ጠዋት ጠዋት ከፒያሳ እስከ ፋሲል መዋኛ ወርጄ ዳገቱን እየተመለስኩ፣ ከዚያ ወደዚያች ሊፍት የሌላት ፎቅ አራተኛ... ታውቃላችሁ። ከ94 ኪሎ ተነስቼ 81። ግፊቴ 150 በ95 ነበር፣ ዶክተሯ ፊቷን ጨፈገግ አድርጋ ነበር ያየችኝ፤ አሁን 128 በ82 ነው። ይህን ሁሉ በጧፍ ብርሃን ለእማዬ ማስረዳት እችል ነበር። አላስረዳሁም።

እጄን ስነጥቃት እሷ ባዶ ጣቶቿን እያየች፣ ጣቶቿ አሁንም እንደተጣመዙ ናቸው፣ «እህቴን እንዲህ አድርጌ ነበር የምይዛት» አለች።

ይኸው ነው። ሌላ አልጨመረችም። ተቀምጣ መሶቡን ከፈተች።

(ዝምታ)

እማዬ የ77ቱን ረሃብ አታወራም። 1977 ላይ የ19 ዓመት ልጅ ነበረች፤ በለሳ። እኔ የማውቀው ከአክስቴ የለቀምኩትን ነው፣ እሱም ጥቂት ነው። ታናሽ እህት እንደነበረቻቸው አውቃለሁ፤ ስሟን አውቃለሁ፤ ቤታችን ውስጥ ፎቶዋ የለም። እንዴት እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። እማዬ እንጀራ ሲወድቅ አንስታ የምትስም ሰው ናት። እንግዳ ሳይበላ ከሄደ ሌሊቱን የማትተኛ ሰው ናት። ይህን ሁሉ እንደ ጠባይ ነበር የማየው፤ እናቶች እንዲህ ናቸው ብዬ።

ግሩፑ ውስጥ ነርስ አለች፣ ስለሷ አውርቼላችኋለሁ፤ ያቺ «ማቅጠኛ ሻይ» የሚል ሰው ሲመጣ ሌሊትም ቢሆን ተነስታ የምትመልሰው። ከሁላችንም በፊት ያስተማረችን በሳምንት ግማሽ ኪሎ፣ ቢበዛ 1 ኪሎ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት 3 ኪሎ ጠፋልኝ ብላችሁ አትጨፍሩ፣ አብዛኛው ውሃ ነው አለችን። ከክብደታችሁ 5 በመቶ እንኳ ብትቀንሱ ለግፊትም ለስኳርም ይጠቅማል አለችን፤ ለኔ 4 ኪሎ ከ700 ግራም ማለት ነበር፤ ያን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፌ መስታወቴ ላይ ለጥፌው ከረምኩ። ታኅሣሥ አካባቢ ደግሞ ሚዛኑ አልነቃነቅ ሲለኝ አንድ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ስብ ሲቀንስ ሌፕቲን የሚባለው ሆርሞን አብሮ ይቀንሳል፣ ያኔ አእምሮ ረሃብ የገባ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ያስርብሻል፣ ጉልበትም መቆጠብ ይጀምራል፤ ሰውነትሽ ጠላትሽ ሆኖ አይደለም፣ ሊያድንሽ ነው፣ አትቸኩይበት አለችኝ። ያኔ ጥሩ ትምህርት ነው ብዬ ለናንተም አጫውቻችኋለሁ።

አሁን ግን ያን ድምፅ መልሼ ስሰማው እማዬ ናት የምትታየኝ። ረሃብ የገባ ይመስለዋል፣ ሊያድንሽ ነው። ሰውነቴ ውስጥ ያለው ነገርና እማዬ አንድ ዓይነት ነገር ነው እኮ የሚሉኝ። እንዴት ነው እንግዲህ... አይ፣ ይህን ሐሳብ ገና አልጨረስኩትም። ይቆየኝ።

በላሁ፣ እሱን ልንገራችሁ። ዶሮ ወጡ ቀረበ። አክስቴ ዶሮ ስትሠራ ሽንኩርቱን ከጠዋት ነው የምትጥደው፤ ቁሌቱ እስኪጠቁር ትታገሰዋለች። እማዬ እንቁላሉን ከእንጀራው ጋር ጠቅልላ አጎረሰችኝ። ጉርሻ አንድ ሆኖ አይቀርም፣ ሁለተኛውን ጎረስኩ፣ ሦስተኛውንም። እንደገና እንጀራ ተጨመረ፣ በላሁ። ሦስተኛም ተጨመረ። ከሁለተኛው በኋላ አልራበኝም ነበር። እያየችኝ ነበር፤ አፌን፣ ጉሮሮዬን፣ ስውጥ። እስክትጠግብ ድረስ ነበር የበላሁት። እሷ እስክትጠግብ ማለቴ ነው። እሷ እኮ ብዙም አልቀመሰችም።

ሲነጋ በጉ ታረደ፣ ጥብስ መጣ፣ ጠላ መጣ፣ ድፎ ዳቦ መጣ። እማዬ ስለ እጄ ድጋሚ አላነሳችም። ነገሩን ያከበደብኝም ይኸው ነው። ብትቆጣኝ፣ ብትጮህ፣ ጠበል እንሂድ ብትለኝ እንከራከር ነበር።

ሰኞ የሚዛን ቀን ነው። ታውቃላችሁ፣ ሁላችንም ሰኞ ጠዋት ቁጥራችንን እንጽፋለን፤ ከፍ ቢልም ዝቅ ቢልም። ደንቡ እሱ ነው፤ ቁጥር አይደበቅም፣ በቁጥርም ማንም አይወቀስም። እንደዚህ ዓይነት ቦታ በሕይወቴ አግኝቼ አላውቅም ብዬ ስንት ጊዜ ነግሬያችኋለሁ! በሁዳዴ «ጾም ነው እኮ፣ ለምን እወፍራለሁ?» ብዬ ያለቀስኩ ጊዜ የሐዋሳዋ ጓደኛዬ፣ ግሩፑ ውስጥ ጥንዴ ማለት ነው፣ «ዘይቱን ከጀሪካን ነው ወይስ በማንኪያ?» ብላ ጠየቀችኝ። ከጀሪካን ነበር። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ ነው፤ እኔ ሽሮው ላይ ስንት ማንኪያ እንደማንቆረቁር ለክቼ አላውቅም ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለታችንም እየለካን፣ የድስታችንን ፎቶ እየተላላክን 55ቱን ቀን ጨረስን። ፊቷን አይቼው አላውቅም። ድስቷን ግን ከመቶ ድስት መሃል እለየዋለሁ።

ያን ሰኞ ግን አልጻፍኩም። ፒያሳ ያለው የሚዛን ልጅም ጋ አልሄድኩም። እሱን ደግሞ... ያን ልጅ ስንት ጊዜ አንስቼላችኋለሁ፤ እግረኛ መንገዱ ላይ ሚዛኗን ዘርግቶ፣ ገና ጫማዬን ስፈታ «ዛሬ ትወርጃለሽ እትዬ፣ ከፊትሽ ያስታውቃል» የሚለኝ። ማክሰኞ ከሩቅ አየኝና እጁን አነሳ፤ እኔ መንገዱን ተሻገርኩ። ልጁ ምን አጠፋ?

ሁለት ኪሎ ጨምሬ ሊሆን ይችላል። ከበዓል በኋላ የሚጨምረው አብዛኛው ጨውና ውሃ፣ ሆድ ውስጥ ያለ ምግብም እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለሌሎች ራሴ ነኝ የምነግራቸው። ቁጥሩን አይደለም የፈራሁት። እንዴት ልበላችሁ... ያንን 81 ስጽፍ ያ ሁሉ ሰው እልል አለልኝ። እማዬ ያንኑ ቁጥር ስትሰማ አፏን ያዘች። አርባ ምናምን ሰው፣ ፊቴን አይተው የማያውቁ ሰዎች፣ ክብደቴን በግራም ያውቃሉ፤ እናቴ ደግሞ በጣቷ ለክታ ነው ያወቀችው። ዘጠኝ ወር በስልክ ሳወራት አንድ ቀን «እማዬ እንዲህ እያደረግሁ ነው» አላልኳትም። ለምን? ትከለክለኛለች ብዬ ነው መሰለኝ። ወይም... ስም ያጣሁለት ነገር ነው።

ተመልሼ 94 እሆናለሁ እያልኩ አይደለም። ጉልበቴ አያመኝም፤ ዳገቱን ወጥቼ አላለከልክም። ይህን ለማንም ብዬ አልተውም። ለሷም ብዬ አልተውም። ይህን ስናገር ግን ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ይገለባበጣል።

የሐዋሳዋ ረቡዕ ደወለች። መልእክት አይደለም፣ ደወለች፤ የመጀመሪያዋ ነው። ድምፅዋ ከድምፅ መልእክቷ ቀጠን ይላል። «ስንት ሆነ አልልሽም፣ ደህና ነሽ ወይ?» አለችኝ። «ደህና ነኝ፣ እናቴ መጥታ ነው» አልኳት። «እሰይ፣ በይ ጥገቢያት» አለችኝ። አላወቀችማ። ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

እማዬ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ትቆያለች፣ መንገዱ ከተከፈተ። ቅዳሜ አዘዞ እሄዳለሁ። ግፊቴን የለካሁበትን ደብተር ይዤላት ልሂድ አልኩ፤ እማዬ ቁጥር አታነብም፣ ላነብላት እችላለሁ። ከዚያ ደግሞ ደብተሩን ተይው፣ እህቷን ጠይቂያት አልኩ። ስሟን ጠርቼ። ብጠይቃት ትነግረኛለች? ብትነግረኝስ እኔ...

ትናንት ማታ ደወለች። «በላሽ?» አለች። «በላሁ» አልኳት። በፊት እዚህ ላይ «እሰይ» ብላ ነበር የምትዘጋው። ትናንት አልዘጋችም። ትንፋሿ ይሰማኛል፣ ከኋላ የአክስቴ ዶሮዎች ይሰማሉ። «ምን በላሽ?» አለች።

ነገርኳት። ሽሮ፣ አንድ እንጀራ፣ ሰላጣ፣ አንድ እንቁላል። ለግሩፑ እንደምጽፈው አንድ በአንድ።

«አንድ እንጀራ» አለች።

ለቅዳሜ ሁለት ቀሚስ አልጋዬ ላይ ዘርግቻለሁ። የአንደኛው እጅጌ እስከ መዳፍ ይደርሳል። የሌላኛው እስከ ክርን ነው፤ ጥር ላይ ለጥምቀት ያስጠበብኩት፣ የወደድኩት እሱን ነው። እጅ ላስታጥባት ከሆነ ደግሞ ረጅሙንም መሰብሰቤ አይቀርም...

እስኪ ለዛሬ እዚህ ላይ ላቁም። አላውቅም።