ቆብ ያጠለቀው አበባ

እንደምን ከረማችሁ። ከእግር ጉዞ አሁን መግባቴ ነው፤ የሱሪዬ ጉልበት እንኳ ገና አልደረቀም።

እዚህ አውስትራሊያ ክረምቱ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው። ወሩ ከኛው ክረምት ጋር ይገጥማል። በዚህ ብርድ አበባ ፍለጋ ጫካ የሚገባ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ እኔም አበባ ፍለጋ አልነበረም የወጣሁት። የጫማዬ ክር ተፈታና ላስር ጎንበስ ስል፣ ሣሩ መሃል አንገቱን የደፋ አረንጓዴ ነገር አየሁ። ቅጠል መስሎኝ ነበር። ቀረብ ብዬ ሳየው ቆብ ያጠለቀ ሰው ይመስላል። ኦርኪድ! እኔ ደግሞ ኦርኪድ ሲባል ትዝ የሚለኝ ሳሎን ውስጥ በማሰሮ የሚቀመጠው ሐምራዊው ነው። ይሄኛው ስንዝር ቢሞላ ነው።

ሳይንሳዊ ስሙ ቴሮስቲሊስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1810 ስሙን ያወጣለት ሮበርት ብራውን የተባለ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው። እኔን የማረከኝ ግን ተንኮሉ ነው። ከቆቡ ሥር ምላስ የመሰለች ከንፈር አለችው። ሽታው ትንኝ የሚያካክሉ ወንድ ዝንቦችን ይጠራል፤ በአንዳንዶቹ ዝርያዎች ዝንቡ ሴት ያገኘ ይመስለዋል፣ ምስኪን። ሲያርፍባት ከንፈሯ እመር ብላ ትነሳና ቆቡ ውስጥ ትዘጋበታለች። መውጫው አንድ ጠባብ ቀዳዳ ነው። በዚያ ሲሾልክ የአበባው ብናኝ ጀርባው ላይ ይለጠፍበታል። ማር የለ፣ ምን የለ፤ ተሸክሞ መሄድ ብቻ።

በሣር ጫፍ ነካ ላደርጋት እጄን ዘርግቼ ነበር። ተውኩት። በከንቱ ከተዘጋች እስክትከፈት ድረስ የሚመጣው ዝንብ ያመልጣታል። ነቅሎ ቤት መውሰድማ ጭራሽ አይታሰብም፤ ኑሮዋ ከዚያው አፈር ፈንገስ ጋር የተሳሰረ ነው።

ቀና ስል... ዙሪያዬን ሞልተዋል! አሥር፣ ሃያ፣ ከዚያ መቁጠሩን ተውኩት። መሬት ውስጥ ትንንሽ ድንች የመሰለ ነገር ያበጃሉ፣ ከእሱ ሌላው ይበቅላል። በበጋ ከላይ ምንም አይታይም። በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ ስንቱን ረግጬው ይሆን?

አሁን ችግሩ መውጣቱ ሆነ። እግሬን የማሳርፍበት እየመረጥኩ፣ እንደ ሌባ በጣቴ እየተራመድኩ ነው ዋናው መንገድ ላይ የደረስኩት። ቤት ገብቼ ጫማዬን ላወልቅ ስል ሳየው ክሩ ያኔ እንደተፈታ ነው።