በረኪና የነካውን ልብስ ሳትጥሉት

[ምስል፦ ጥቁር የጥጥ ሱሪ፣ ጉልበቱ ላይ ብርቱካናማ ነጠብጣቦች]

ይሄ የኔ ሱሪ ነው። መታጠቢያ ቤት ሳጸዳ በረኪና ተፈናጥቆበት፣ ልብ ሳልለው ዋልኩ። ማታ ሳወልቀው ጉልበቱ ላይ ሦስት ብርቱካናማ ነጠብጣብ! በሳሙና አሸሁት፤ ደግሜ አሸሁት። ወይ ፍንክች።

እንደ ወጥ ወይም እንደ ዘይት የሚታጠብ ነገር አይደለማ። በረኪና ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የጨርቁን ቀለም ሰባብሮ አጥፍቶታል። ስለዚህ ማሸቱን ትተን፣ የጠፋውን ቀለም ወደ መመለስ እንሂድ።

[ምስል፦ ክፍት ቧንቧ]

ሲፈናጠቅ ዓይታችሁት ከሆነ ግን ወደ ቧንቧ ሩጡ። ቀዝቃዛ ውሃ፣ ብዙ ውሃ፣ በጨርቁ ጀርባ በኩል። ሽታው አልጠፋ ካለ፣ ፋርማሲ የሚሸጠውን 3 ከመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ 1 እጅ ከ10 እጅ ውሃ ጋር ቀላቅላችሁ ንከሩት። የተረፈውን በረኪና ወደ ጨውና ውሃ ይለውጠዋል፤ ኦክስጅኑ አረፋ እየሆነ ይወጣል። አደራ፣ አቼቶ እንዳታፈሱበት! በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል።

[ቅርብ ምስል፦ ማርከር በነጠብጣቡ ላይ]

ነጠብጣቡ የምስር ፍሬ የሚያህል ከሆነ የማይለቅ የጨርቅ ማርከር ይበቃዋል። ከመሃል ጀምራችሁ ጠብ ጠብ አድርጉት፤ ቀለሙ ራሱ ወደ ዳር ይሰርጋል። ከዳር ከጀመራችሁ ግን ደህናው ጨርቅ ላይ ቀለበት ይሠራል። ሲደርቅ ደጅ አውጥታችሁ እዩት፤ ብርቱካናማው ከሥር ብቅ ካለ ድገሙት።

ሰፊ ከሆነ ሙሉ ልብሱን ቀለም መንከር ነው። ጥጥ ቀለም ይይዛል፤ ፖሊስተር የጥጥ ቀለም አይቀበልም። ሱፍና ሐር ከሆነ ደግሞ በረኪናው ክሩን ራሱን ይበላዋል።

[ምስል፦ ነጠላ፣ የደበዘዘ ጥበብ]

እኔን የሚያንገበግበኝ የሀገር ልብስ ነው። ነጩ ይንጣ ብለን በረኪና ውስጥ ስንዘፈዝፈው፣ ሸማኔው ክር በክር ያስገባው ጥበብ ይደበዝዛል። እዚህ ላይ ማርከር አይሞከርም፤ ይዝረከረካል። ልብሱን ገበያ ይዛችሁ ሄዳችሁ፣ ከጥበቡ ጋር የሚመሳሰል የጥልፍ ክር በቀን ብርሃን አስተያይታችሁ ግዙ። ከዚያ በቀጭን መርፌ የሸማኔውን መስመር ተከትላችሁ ከላዩ ስፉበት። ጊዜ ይወስዳል። የእናቴን ነጠላ ጫፍ ሁለት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል።

[ቅርብ ምስል፦ የጥበቡ ጫፍ]

ይኸው፤ ሦስተኛው አረንጓዴ መስመር የኔ ስፌት ነው።