በቃል የቀረ ውል

የተከበራችሁ የዕድራችን ዳኛ፣ አባቶችና እናቶች፣ ጎረቤቶቼ፤

የዕድር ስብሰባ ላይ ስለ ሕግ ተናገር ስባል ትንሽ አመንትቼ ነበር። ግን እዚህ የካ አባዶ ተከራይ ያልሆነው አከራይ ነው፤ ሁለቱንም ያልሆነው ደግሞ ወይ ቀጥሯል ወይ ተቀጥሯል። ሁላችንንም የሚያጣላን አንድ ነገር ነው፦ በቃል የቀረ ውል።

በ2016 የወጣውን የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 አብዛኞቻችን የምናውቀው በወሬ ነው። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፣ በ30 ቀን ውስጥም ይመዘገባል። ከሁለት ዓመት ላነሰ ጊዜ አይፈጸምም። ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ጭማሪውም በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል ባወጣው መጠን ብቻ ነው።

ሰው ግን መላ አያጣም። ወረዳ የሚገባው ውል ላይ 5 ሺህ ይጻፋል፣ በእጅ 9 ሺህ ይከፈላል። አከራዩ ግብር እንዲቀንስለት፣ ተከራዩ ቤቱ እንዳያመልጠው ይፈርማሉ። ጠብ ሲመጣ ዳኛው ፊት የሚቀርበው ወረቀት 5 ሺህ ነው የሚለው፤ ሕጋዊው ጭማሪም የሚሰላው ከዚያው ላይ ነው። ብልጥ ነኝ ያለው አከራይ ራሱን አሰረ ማለት ነው።

ደግሞ ቤቱ የባልና ሚስት የጋራ ከሆነ፣ የቤተሰብ ሕጉ ለማከራየትም የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። ጋሼ ብቻቸውን ፈርመው እትዬ ከደላላው አፍ የሚሰሙት ነገር ይቅርብን።

ብሎኬት የምታመርቱ፣ ፀጉር ቤትና ዳቦ ቤት ያላችሁ ደግሞ ስሙኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የቃል ቅጥርን አይከለክልም። ነገር ግን በ15 ቀን ውስጥ የቅጥሩን ዝርዝር የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው ስጡ ይላል። ባትሰጡም እሱ መብቱን አያጣም፤ የምትጎዱት እናንተ ናችሁ። «ገና ሙከራ ላይ ናት» ብሎ ማሰናበት የለመደ አለ። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ካልሰፈረ አይቆጠርም፤ ቢሰፍርም ከ60 የሥራ ቀን አያልፍም።

ተቀጣሪዎች፣ የደመወዝ ወረቀታችሁን እዩ። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ እስከ 2,000 ብር ድረስ የሥራ ግብር የለም፤ ቀድሞ 600 ነበር። 6,000 ብር የሚከፈለው ሰው በፊት 935 ብር ይቆረጥበት ነበር፣ አሁን 700 ነው። ጡረታውም ከእናንተ 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው፤ 18ቱንም ከእናንተ ኪስ የሚቆርጥ ካለ ሕገ ወጥ ነው።

የቤት ሠራተኞቻችን ግን ከአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ውጭ ናቸው፤ እስካሁን የሚዳኙት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በበኩሌ የሚያሳፍር ክፍተት ነው እላለሁ። ሕጉ እስኪደርስላቸው ደመወዛቸውንና የዕረፍት ቀናቸውን በወረቀት ላይ ለማስፈር የሚከለክለን የለም።

ከሻይ በኋላ እዚሁ ድንኳን ውስጥ ነኝ። ውላችሁን ይዛችሁ ኑ፤ አከራይና ተከራይ አብራችሁ ብትመጡ ደግሞ ይሻላል።