ጣራው ያፈሳል ስትል፣ አልጋህን አንሳ ሲሉህ

ሰላም ቤተሰብ! ዛሬ ስለ ጣራ እናወራለን። አዎ፣ ርዕሱ ስለ መሥሪያ ቤት ቡሊንግ ነው፤ ሰውን ሥራ ቦታ ላይ ማዋከብና ማሸማቀቅ ማለት ነው። ግን ታገሱኝ፣ መጀመሪያ ጣራ።

ብዙ ሰው የሚኖርበት ቤት አለ እንበል። ሌሊት ይዘንባል፤ ጣራው ያፈሳል። የሚያፈሰው ደግሞ ልክ አንተ አልጋ ላይ። ጠዋት ለቤቱ ኃላፊ «ጣራው ያፈሳል» ትለዋለህ። «እርግጠኛ ነህ? የኔ ክፍል እኮ ደረቅ ነው» ይልሃል። የሱ ክፍል ደረቅ ነዋ!

ደግመህ ስትነግረው ባልዲ ያመጣል። ባልዲው መሥሪያ ቤት ውስጥ ምን መሰላችሁ? ስለ መከባበር የሚሰጥ የግማሽ ቀን ሥልጠና ነው። በዳዩም ይመጣል። ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ማስታወሻ ሁሉ ይይዛል!

ባልዲው ይሞላል። በመጨረሻ መፍትሔ ይገኛል፦ «አልጋህን ኮሪደር አውጣው።» ጣራውስ? ጣራው እንዳለ ነው። አንተ ኮሪደር ላይ ተኝተሃል፤ አላፊ አግዳሚው እግርህን ይረግጣል። ሰዉ ደግሞ «ይሄ ልጅ ክፍል እንኳ አይመቸውም» ይላል።

እኔም ኮሪደር ተኝቻለሁ። አለቃዬ ስብሰባ መኖሩን አይነግረኝም፤ ከዚያ ሰው ፊት «ለምን ሳትዘጋጅ መጣህ?» ይለኛል። ከወራት በኋላ አቤት ልል ኤችአር (የሰው ኃይል ክፍል) ገባሁ። አዳመጡኝ፣ ሶፍት አቀበሉኝ። በሦስተኛው ሳምንት የዝውውር ደብዳቤ መጣ፤ የኔ ዝውውር! «ላንተው ብለን ነው» አሉኝ።

ጄኒፈር ፍሬይድ የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ለዚህ ስም አላት፦ ተቋማዊ ክህደት። የተማመንክበት ተቋም ጉዳቱን ሳይከላከል፣ ስትናገርም ሳይደርስልህ ሲቀር ማለት ነው። በኔ በኩል አለቃዬን ረስቼዋለሁ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ሶፍት ነው።

እሺ፣ አሁን ወደ ኮሜንቶቹ። ባለፈው ቪዲዮ ሥር ስንቶቻችሁ ናችሁ «ስድስት ወር ካልሞላው ቡሊንግ አይባልም» ያላችሁት? ላይኩም ብዛቱ! ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

ነገሩ ከሜዳ አልመጣም። ስዊድን ውስጥ ይሠራ የነበረው ተመራማሪ ሀይንዝ ሌይማን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ይህን ጉዳይ ሲያጠና መለኪያ አስፈለገው። «ቢያንስ በሳምንት አንዴ፣ ቢያንስ ለስድስት ወር» አለ። ይህ የተመራማሪ ሜትር ነው፤ የአቤቱታ ቀነ ገደብ አይደለም! ሜትር ይዞ ዝናብ የሚለካ ሰው «እስክለካ ድረስ ተኛ» አላለህም።

እንዲያውም የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ሥራ ቦታ ጥቃትና ትንኮሳ ያጸደቀው ስምምነት ቁጥር 190 አንድ ጊዜ የተፈጸመውንም የተደጋገመውንም ያጠቃልላል። ያው፣ የሚያስገድደው ያጸደቁትን አገሮች ነው።

«አልሰደበኝም፣ አልመታኝም» የምትሉም አላችሁ። ሌይማን 45 ዓይነት ድርጊቶችን ዘርዝሯል። ማኩረፍ አለበት፣ ሥራ መከልከል አለበት፣ ትርጉም የሌለው ሥራ መስጠትም አለበት። በሌላ በኩል አለቃ ሪፖርትህን «ስህተት አለው፣ አስተካክል» ማለቱ ቡሊንግ አይደለም። ይቅርታ፣ አንዳንዶቻችሁን ታዝቤያለሁ።

አሁን ዋናውን በፍጥነት፣ መቼም ታውቁታላችሁ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የተባለው ቃል እንዳለ፣ ማን ነበረ፤ ዕለቱን ጻፉ። ማስታወሻው የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ብቻ አይቀመጥ። አቤቱታ በጽሑፍ ይሁን። በቃል ካወሩአችሁ፣ በዚያው ቀን «ዛሬ እንደተነጋገርነው» ብላችሁ ኢሜይል ላኩ። ማን ያጣራል? መቼ ይመለሳል? ብላችሁ ጠይቁ። ኤችአር ደሞዙን የሚቀበለው ከድርጅቱ እንደሆነም አትርሱ፤ ሰዎቹ ክፉ ስለሆኑ ሳይሆን ሥራቸው ስለሆነ ነው። የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ፣ ጠበቃ ካላችሁ፣ ብቻችሁን አትግቡ። ብትናገሩ የሚመጣው የበቀል እርምጃም ጥፋት ነው፤ ያው 190 ከሳሽንም ምስክርንም ከበቀል ጠብቁ ይላል። ዝርዝሩ ሌላ ቪዲዮ አለው፤ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ እዚያው ስትደርሱ ታደርጉታላችሁ።

እና የኔ አልጋስ? ከተዘዋወርኩ በኋላ በቦታዬ አንዲት ልጅ ተቀጠረች። አንድ ማታ ከየት ስልኬን እንዳገኘች እንጃ፣ ደወለች። ሰላምታ እንኳ የለም።

«አንተም ስብሰባ አይነግሩህም ነበር?» አለችኝ።