ንቡ ከመሄዱ በፊት

እንደምን ዋላችሁ? የዕድራችን አባላት፣ ንብ የያዛችሁ ወጣቶች፣ ንብ ሲያይ አጥር የሚዘለው ጎረቤቴም ጭምር፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በስፌት ነው። እዚህ ኋላ ከተቀመጡት ልጆች የግማሾቹን ዩኒፎርም የሰፋሁት እኔ ነኝ። ካጠረባቸው አድገው ነው፣ እኔ የለሁበትም። ዛሬ የተጠራሁት ግን ስለ ጓሮዬ እንዳወራ ነው። ጓሮዬ ውስጥ 5 ዘመናዊ ቀፎና 2 የጭቃ ቀፎ አለኝ። ንብ ከያዝኩ 9 ዓመት ሆነኝ። ወረቀት ይዤ የመጣሁት ወሬ ስለምወድ ነው። ሳልጽፍ ብመጣ ከንብ ተነስቼ ዚፕ ላይ ነው የማርፈው።

ዛሬ ነሐሴ 22 ነው። 2 ሳምንት ጠብቁ፣ አደይ አበባ ይፈነዳል። መጩም ሜዳውን ቢጫ ያለብሰዋል። እኛ እንቁጣጣሽ ስንል ንቡ ደግሞ ቤት ጠበበኝ ይላል። ክረምቱን በረሃብ ያሳለፈ ቀፎ ቅስምና ጽጌ፣ የአበባው ጣፋጭ ፈሳሽና ዱቄት ማለቴ ነው፣ ሲገባለት እንቁላል ጣይዋ አውራ እንቁላል በእንቁላል ታደርገዋለች። ከዚያ ያ ቀፎ ለሁለት ይከፈላል። መንጋ ያወጣል። ኅዳር ላይ ማር የሚቆርጠውና ባዶ ቀፎ የሚያንኳኳው ሰው የሚለዩት መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። ስለዚህ ነው በኅዳር ሳይሆን ዛሬ የተሰበሰብነው።

የመጀመሪያ ዓመቴን ልንገራችሁ። ጥቅምት መግቢያ ነው፣ ረፋድ 5 ሰዓት ገደማ። የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ክር እያስገባሁ ሳለ ከጓሮ ወፍጮ የተነሳ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። ስወጣ ንቡ ከቀፎው አፍ እንደ ውኃ እየፈሰሰ ነው። ሰማዩ ላይ ዞረ፣ ዞረና አጥሩን ተሻገረ። የተሻገረው የት መሰላችሁ? ለቅሶ ቤት። ድንኳን ተተክሎ ሰው ተቀምጧል። መንጋው ሄዶ የድንኳኑ ምሰሶ ጫፍ ላይ ተንጠለጠለ። ንፍሮው ተደፋ። አግዳሚው ተገለበጠ። ሟችን ረስቶ ሁሉም የሮጠበት ለቅሶ ያ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ነጠላዬን ይዤ መሬት ብትውጠኝ እያልኩ ቆሜያለሁ።

አንድ አዛውንት ብቻ አልተነሱም። "ልጄ፣ አትሯሯጪ። ጠግበው የወጡ ናቸው፣ ካልነኳቸው አይነኩም። ውኃና ቅርጫት አምጪ" አሉኝ። አመጣሁ። ቅጠል ውኃ ውስጥ እየነከሩ መንጋውን ረጨት ረጨት አደረጉት። ንቦቹ ተጠጋጉና ረጋ አሉ። ቅርጫቱን ከሥር አስያዙኝና ምሰሶውን አንድ ጊዜ በኃይል መቱት። ከጆንያ እንደሚዘረገፍ ጤፍ ወረዱ። ነጠላዬን መሬት ላይ አንጥፈው ቅርጫቱን ደፉበት፣ በአንድ በኩል በድንጋይ ከፍ አደረጉት። ከዚያ ጎንበስ ብለው አፉን ያዩ ጀመር። ጥቂት ቆይተው "እይ፣ ጭራቸውን አንስተው ክንፋቸውን የሚያርገበግቡትን። አውራዋ ገብታለች፣ ሌላውን እየጠሩ ነው" አሉኝ። እውነትም በአየር ላይ የቀሩት አንድ በአንድ እየተከተሉ ገቡ። ጀምበር ስትጠልቅ ተሸክመን ወደ ጓሮዬ መለስነው።

ለምን አልተናደፉም? ንብ መንጋ ሊያወጣ ሲል ለመንገድ ስንቅ ማር ይጠጣል። ሆዱ ሞልቷል። ከዚያም በላይ የሚጠብቀው ቤት፣ ልጅም ማርም የለውም። ስለ ቅዱስ ላሊበላ የሚባለውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሕፃን ሳለ ንቦች ከበቡት፣ አልነደፉትም፣ እናቱም ንግሥናውን ንቦች አወቁለት አለች ይባላል። ታሪኩን ለባለቤቶቹ እተወዋለሁ። እኔ እንደ ንብ አናቢ ስሰማው ግን ያ መንጋ ጠግቦ የወጣ መንጋ ነው እላለሁ። ይህን ስል ግን የአገራችን ንብ የዋህ ነው ማለቴ አይደለም። የደጋችንን ንብ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሜንሲስ የሚል የራሷን ስም ሰጥተዋታል። ስሟም ጠባይዋም የራሷ ነው። ቀፎዋን ስትጠብቅ ቁጡ ናት።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ሰው ሁሉ "ንብሽ ድንገት ሄደብሽ" ይለኝ ነበር። እኔም ድንገት ነው ብዬ አምኜ ነበር። ድንገት አልነበረም። ሳምንት ሙሉ ሲነግረኝ ኖሯል፣ ቀፎ የሚከፍት ሰው ጠፋ እንጂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ንቡ ሊከፈል ሲያስብ አዲስ አውራ ማሳደግ ይጀምራል። የአውራ ቤት ከሌላው ቤት ይለያል። ከማር እንጀራው ታችኛ ጠርዝ ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ ቅርጹ ያልተፈለፈለ ለውዝ ነው የሚመስለው። እንቁላሉ በ3 ቀን ይፈለፈላል። በ8ኛው ወይም በ9ኛው ቀን ንቦቹ ቤቱን በሰም ይደፍኑታል። በ16ኛው ቀን ገደማ አዲሷ አውራ ትወጣለች። አሮጌዋ ግን እስከዚያ አትጠብቅም። የመጀመሪያው ቤት ሲደፈንና ፀሐይ ሲወጣ ከግማሽ የሚበልጠውን ሠራተኛ ይዛ ትሄዳለች። አውራ ስል ወንድ የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። አባቶቻችን አውራ ይበሏት እንጂ የቀፎው ሁሉ እናት እሷ ናት።

ስለዚህ ከእንቁላል እስከ መሄጃ ያላችሁ ጊዜ 8 ወይም 9 ቀን ነው። በወር አንድ ጊዜ ቀፎ የሚከፍት ሰው መንጋውን በሰማይ ነው የሚያየው። እኔ ከመስከረም እስከ ኅዳር መግቢያ በየ7 ቀኑ እከፍታለሁ።

ለቅሶ ቤት ከተዋረድኩ በኋላ ምን አደረግሁ? በ7ኛው ቀን ዋናውን ቀፎ ከፈትኩ። 7 የአውራ ቤት ተንጠልጥሏል። "የአውራ ቤት ካየሽ ቁረጪ" ሲባል ሰምቼ ነበር። መቀሴን አወጣሁና ሰባቱንም ቆረጥኩ። አንዱን ቀደድ አድርጌ ሳየው ውስጡ ያለችው አውራ ሙሉ ሆናለች፣ እግሯን ታንቀሳቅሳለች። በማግስቱ ልትወጣ የነበረች ናት። ጎበዝ ሆኛለሁ ብዬ ቡና አፈላሁ።

አሮጌዋ በቅርጫቱ ሄዳለች። ወራሾቹን ደግሞ እኔ በመቀስ ፈጅቻቸዋለሁ። ቀፎው ውስጥ አዲስ አውራ ሊያሳድጉበት የሚችሉት ለጋ እጭም አልቆየም ነበር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንዱ ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት እንቁላል ተዝረክርኮ አየሁ። ደስ አለኝ፣ ደግሞ ሞኝ! ያ ሠራተኞቹ በጭንቀት የጣሉት እንቁላል ነው። ከእሱ ድንጉላ፣ ማለትም ወንድ ንብ እንጂ ሌላ አይወጣም። የገና በዓል ሳይደርስ ቀፎውን የሰም እራት የሚባለው ሰም የሚበላ ተባይ ወረሰው። እንጀራው ሸረሪት ያደራበት ይመስል ነበር።

አሁን መቀስ ከማንሳቴ በፊት እንቁላል እፈልጋለሁ። እንቁላሉ ከጤፍ ፍሬ ቀጠን ረዘም ያለ ነጭ ነገር ነው፣ በቤቱ ወለል መሐል ይቆማል። አንድ ለአንድ ቆሞ ካያችሁት አውራዋ በእነዚህ 3 ቀናት ውስጥ እዚያ ነበረች ማለት ነው። እንቁላል ከሌለና የአውራ ቤቱ ከተደፈነ ግን መንጋው ሄዷል። አንድ ወይም ሁለት ጥሩ ቤት ተዉለት። ብዙ ከተዋችሁ ደግሞ ሁለተኛና ሦስተኛ መንጋ ያወጣና የእፍኝ ንብ ይቀርላችኋል።

እዚህ ላይ ስለ ዓይነ ርግብ፣ ስለ ፊት መሸፈኛችን፣ አንድ ነገር ልበል፣ ሙያዬ ነውና ፍቀዱልኝ። ብዙዎቻችሁ ከነጭ አጎበር ነው የምትሰፉት። እኔም እንደዚያ ሰፍቼ ነበር። ፀሐይ ሲመታው ያብረቀርቃል፣ እንቁላል ቀርቶ እንጀራውን የያዘው የእንጨት ፍሬምም አይታይም። ፊት ለፊቱን ጥቁር መረብ አድርጉት። የሱሪውን እግርም በላስቲክ ዝጉት። ይህን የምላችሁ ከልምድ ነው፣ ዝርዝሩን አትጠይቁኝ።

እንግዲህ መቁረጥ ብቻውን መፍትሔ አይደለም። አንዷን ቤት ካለፋችሁ ልፋቱ ከንቱ ነው። ንቡ ደጋግሞ የአውራ ቤት ከሠራ ልቡ ሸፍቷል። ከዚያ በፊት ግን ቦታ ስጡት። የታችኛው ሳጥን በንብ ሲሞላ ላይኛውን ጨምሩ፣ እስኪያጨናንቀው አትጠብቁ። ከሰዓት በኋላ ንቡ ከቀፎው አፍ እንደ ጺም ከተንጠለጠለ ወይ ሞቆታል ወይ ጠቦታል። ስኳር ብጥብጥ የምትሰጡም አበባው ሲፈነዳ አቁሙ። አለዚያ ኅዳር ላይ ቆርጣችሁ የምትሸጡት ስኳር ነው፤ ገዢውም ያውቃል።

ልቡ ከሸፈተ እሱ ሳይከፍል እናንተ ክፈሉት። እኔ የማደርገው ይህ ነው። አውራዋ ያለችበትን ፍሬም ፈልጌ፣ ከነንቡ እጭ ያለባቸው 3 ፍሬሞችና ማር ያለበት 1 ፍሬም ጨምሬ አዲስ ሳጥን ውስጥ አስገባለሁ። አዲሱን ሳጥን ወደ ጓሮው ሌላ ጫፍ እወስደዋለሁ። አሮጌው በቦታው ይቀራል፣ አንድ ሁለት የአውራ ቤት እተውለታለሁ። ለሥራ የወጡት ንቦች የሚመለሱት ወደሚያውቁት ቦታ ነው። ስለዚህ አዲሱ ሳጥን ሠራተኛ ያጥረዋል። አፉን አጠብበዋለሁ፣ የጥቂት ቀን ብጥብጥ እሰጠዋለሁ። አሮጌውን ደግሞ 3 ሳምንት አልነካውም። አዲሷ አውራ ወጥታ ከድንጉላዎች ጋር በአየር ላይ ተገናኝታ እስክትመለስ ሰላም ትፈልጋለች። ከ3 ሳምንት በኋላ እንቁላል ካየሁ እልል ነው።

በጭቃ ቀፎ ይህን ማድረግ አይቻልም፣ ፍሬም የለውም። ለእሱ በመስከረም ባዶ ቀፎ አዘጋጅቼ ከፍ ያለ ቦታ እሰቅላለሁ። በወይራ አጥነዋለሁ፣ ሰም እቀባዋለሁ፣ ውስጡን በጠጅ ሳር እሸዋለሁ። የጠጅ ሳር ዘዴ ከአያቶቻችን የመጣ ነው። የሚገርመው ንቦች ጭራቸውን አንስተው ሲጣሩ የሚለቁት ሽታ ውስጥ ጠጅ ሳር ውስጥ ያለው ቅመም ራሱ አለ። አያቶቻችን ላብራቶሪ አልነበራቸውም፣ አፍንጫ ግን ነበራቸው። የያዛችሁትን መንጋ ዘመናዊ ቀፎ ውስጥ ካስገባችሁት ደግሞ እንዳይኮበልል ከሌላ ቀፎ እጭ ያለበት አንድ ፍሬም ስጡት። ልጅ ትቶ መሄድ ለንብም ይከብዳል።

ኮበለለ ስል መንጋ ማውጣት ማለቴ አይደለም። የኮበለለ ንብ ሁሉንም ይዞ ነው የሚሄደው፣ ቀፎው ወና ይሆናል። እሱን የሚያባርረው ረሃብ፣ ጉንዳን፣ ወይም ማሩን ጠራርጎ የሚወስድ ባለቤት ነው። የቀፎውን እግር ዙሪያ አመድ አድርጉ፣ ከማሩም ተዉለት።

ቀሪው ለጎረቤቶቼ ነው። በጓሮ ንብ የያዘ ሰው ባለዕዳ ነው። የቀፎዬ አፍ ወደ መንገድ አይዞርም። ፊቱ ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጥ አጥር አለ፣ ንቡ ሲወጣ ሽቅብ እንዲበር። ውኃ ከነጠጠሩ አስቀምጫለሁ፣ ወደ እናንተ ቧንቧ እንዳይመጣ። ቀፎ የምከፍተው ወደ ማታ ነው፣ አህያና በግ ደጅ ታስረው ባሉበት ሰዓት አይደለም። እናንተም መንጋ ግቢያችሁ ውስጥ ካረፈ ድንጋይ አትወርውሩ፣ ፍሊት አትርጩ። ልጆቹን አስገቡና ጥሩኝ። የጓሮ አትክልት ላይ ፀረ ተባይ የምትረጩ ከሆነ በዋዜማው ንገሩኝ። አበባ ላይ አትርጩ፣ ስትረጩም ንብ ከገባ በኋላ በማታ ይሁን። የተነደፈ ሰው እሾሁን ቶሎ በጥፍሩ ፍቆ ያውጣ። ፊቱና ጉሮሮው ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ሳትዘገዩ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

የፊታችን መስከረም የመጀመሪያው ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ቀፎዎቼን ስከፍት ማየት የምትፈልጉ ኑ። 4 ዓይነ ርግብ ሰፍቻለሁ፣ ፊታቸው ጥቁር ነው። ጥቁር ልብስ ግን አትልበሱ፣ ሽቶም አትቀቡ። ሙዝ በልታችሁም አትምጡ፣ ንብ ስትቆጣ የምትለቀው ሽታ ሙዝ ሙዝ ነው የሚለው። አጥር የሚዘለው ጎረቤቴ ከመጣ አንዱን ዓይነ ርግብ ለእሱ አስቀምጬለታለሁ።