መሪ ላይ የታሰረው የእገዳ ሾክ

እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ ልጆቼ! ነገ ወደ ጋራዥ ትገባላችሁ። ዛሬ ስለ አንዲት ዕቃ ብቻ፣ የመሪን ንዝረት ስለሚያበርደው ስለ መሪ ሾክ ላወራችሁ ነው የቆምኩት።

ከዓመታት በፊት አንድ ሹፌር ላንድ ክሩዘር ይዞ መጣ። ከቱርሚ መመለሱ ነበር። ያ ጠጠር መንገድ እንደ ቆርቆሮ ነበር፤ የሄደበት ያውቀዋል። «መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል» አለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ የመሪው ሾክ ዘይቱን ጨርሷል። መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ብንፈልግ የሱን ዓይነት አጣን። መደርደሪያው ላይ ግን አዲስ የኋላ ሾክ ነበር፤ የእገዳ ሾክ ማለት ነው፣ ጎማው ጋ ከሞላው ጋር የሚሠራው። ርዝመቱ ተቀራራቢ ነው፣ ቦኮላውም (ጫፉ ላይ ያለው ማሰሪያ ቀለበት) ልክ ገባ። አሰርኩለትና ሸኘሁት።

በማግስቱ ደወለ። «ለቀቅ ሳደርገው መሪው ወደ ቀኝ ያመዝናል። ቶሎ ወደ ቀኝ ልጠምዝዝ ስል ደግሞ ይይዘኛል።» ቤተሰቡን ጭኖ ነበር። ያንን ስልክ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ወደ ቀኝ ያመዝናል፣ ወደ ቀኝ ይይዛል። እንዴት ሁለቱም ይሆናል? ሾኩን ፈትቼ በእጄ ገፋሁት፣ ሳብኩት። መልሱ እዚያው ነበር።

የእገዳ ሾክ ሲገባና ሲወጣ እኩል አይከብድም። ጎማ ድንጋይ ሲወጣ ቶሎ እንዲገባ ቀለል ይላል። ከዚያ የታመቀው ሞላ መኪናውን ወደ ላይ እንዳያፈናጥረው ሲወጣ ይከብዳል። ለእገዳ ትክክለኛው ይሄ ነው። መሪ ግን ግራና ቀኙን እኩል ይፈልጋል። ስለዚህ የመሪ ሾክ ቫልቭ፣ ዘይቱን የሚያሳልፈው በር፣ በሁለቱም በኩል እኩል እንዲይዝ ተደርጎ ይሠራል። ከውጭ ብታዩት ሁለቱ መንትያ ይመስላሉ።

ማመዘኑ ደግሞ ያ የኋላ ሾክ ውስጥ ከተሞላው ጋዝ ነው። ዘንጉ 14 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ውስጡ 20 ባር ጋዝ የተሞላ ሾክ፣ ማንም ሳይነካው ዘንጉን ወደ 30 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ወደ ውጭ ይገፋል። መሪ ላይ ሲታሰር ያ ግፊት ቀኑን ሙሉ ወደ አንድ ጎን ነው።

ጋዝ የሌለው ባለ ሁለት ቱቦ፣ አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ የሆነው ሾክስ? እሱ ቆሞ እንዲሠራ የታሰበ ነው፤ ዘይቱ ከታች፣ አየሩ ከላይ። መሪ ላይ ግን ተጋድሞ ነው የሚታሰረው። ሲጋደም አየሩ የታችኛው ቫልቭ ጋ ደርሶ ወደ ውስጥ ይገባል። ያኔ ዘይቱ አረፋ ይሆናል፣ ሾኩም መጀመሪያ ላይ ባዶውን ይሄዳል።

ርዝመቱንም ለኩ። መሪው ጥግ ሳይደርስ ሾኩ ካለቀ መኪናው ሙሉ አይዞርም። ዳገት ላይ ጠባብ መታጠፊያ ሲያጋጥም ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

አንድ ዓይነት ሁለት የጋዝ ሾክ ፊት ለፊት፣ አንዱ ሲገባ ሌላው እንዲወጣ አድርገው የሚያስሩ አሉ። ግፊታቸው ይጣፋል፣ ግራና ቀኙም ይስተካከላል። ሐሳቡ ትክክል ነው። እኔ ግን ለደንበኛ መኪና አላደርገውም። መያዣውን መበየድ ይጠይቃል፣ መሪ ላይ ደግሞ በብየዳ አልጫወትም።

ከሁሉም በላይ የቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። ያ መኪና የሚንቀጠቀጠው በሾኩ ብቻ አልነበረም። የኪንግ ፒን ኩሽኔታው (የፊት ጎማው ግራ ቀኝ የሚዞርበት) ላልቶ ነበር፣ አንዱ ቴስቲናም (የመሪው ዘንግ ጫፍ መጋጠሚያ) ይጫወታል። የመሪ ሾክ ንዝረትን ያበርዳል፤ የላላ ነገር አያጠብቅም። አዲስ ኦሪጅናል የመሪ ሾክ ባስርለት ኖሮ ሕመሙን ሸፍኜ ነበር የምሸኘው። እናንተ መጀመሪያ ጎማውን ባላንስ አድርጉ። መኪናው በጎማው ቆሞ ሞተሩ እየሠራ፣ አንዱ መሪውን ግራ ቀኝ ያወዛውዝ፣ ሌላው ከታች ይይ። የላላው ራሱን ያሳያል።

ሁለቱንም ሾኮች ይዤ መጥቻለሁ፣ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ስንወጣ ኑና በእጃችሁ ግፏቸው፣ ሳቧቸው።