እንግዳው ከመምጣቱ በፊት

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ የሙያ አጋሮቼ፣ እንደምን አመሻችሁ!

የኪነ ጥበብ ሬዚደንሲ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ጸጥ ያለ ቤት ነው። አርቲስቱ ሻንጣውን ይዞ ይመጣል። ሁለት ሦስት ወር ይሠራል። ኤግዚቢሽን ያሳይና ይሄዳል። የሰፈሩ ሰው ቤቱን የሚያየው በመክፈቻው ምሽት ነው፤ እሱም ከተጠራ። ዛሬ የምለምናችሁ ይህን ቅደም ተከተል እንድንገለብጠው ነው። እንግዳውን ከመጥራታችን በፊት የሰፈሩን ሰው እናማክር።

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። አሜሪካ፣ ሂዩስተን ውስጥ ሪክ ሎው የሚባል አርቲስት አለ። ያኔ የማኅበረሰቡን ችግር የሚያሳዩ ትልልቅ ሥራዎች ይሠራ ነበር። አንድ ቀን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ስቱዲዮውን ሊጎበኙ መጡ። ከመካከላቸው አንዱ ሥራዎቹን አየና፣ ችግሩንማ እኛም እናውቀዋለን፣ አርቲስት ከሆንክ ለምን መፍትሔ አትፈጥርም አለው። ይህ ጥያቄ መንገዱን እንዳስቀየረው ሎው ደጋግሞ ተናግሯል።

እ.ኤ.አ. በ1993 ከሌሎች አርቲስቶች ጋር ሆኖ ፕሮጀክት ሮው ሃውስስን ጀመረ። የጥቁሮች ሰፈር በሆነው ሰርድ ዋርድ ውስጥ የተጣሉ 22 ቤቶች ነበሩ። ጠባብና ረዘም ያሉ የእንጨት ቤቶች ናቸው፤ ክፍሎቹ አንዱ ካንዱ ኋላ ይከተላሉ። የስንቱ ቤተሰብ ኑሮ አልፎባቸዋል! እነሱን አፍርሶ አዲስ ሕንጻ መገተር ይቻል ነበር። እነ ሎው ግን አደሷቸው። በከፊሎቹ ውስጥ አርቲስቶች ሥራቸውን ሠሩ። ከፊሎቹ ደግሞ ልጅ እያሳደጉ ለሚማሩ ወጣት እናቶች መኖሪያ ሆኑ። እኔን ልቤን የሚነካኝ ይሄኛው ነው። እናቲቱና ሠዓሊው ጎረቤታሞች ናቸው።

አካታችነት ላይ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ፈረንሳይ አርቲስቶቿን ወደ ሮም ትልክበት የነበረው ሽልማት እ.ኤ.አ. በ1663 ተጀመረ። ሴቶች እንዲወዳደሩ የተፈቀደው በ1903 ነው። 240 ዓመት! ዛሬ እንዲህ ያለ ክልከላ በደንብ ላይ የሚጽፍ ብዙ የለም። በሩ የሚዘጋው በማመልከቻ ቅጹ ነው። ክፍያ ይጠይቃል። በአንድ ቋንቋ ብቻ ይሞላል። ልጅ ይዞ መምጣት አይቻልም ይላል። ስቱዲዮው ደረጃ ብቻ ካለው፣ በዊልቸር የሚሄድ አርቲስት ገና ሳያመለክት ወድቋል ማለት ነው።

ለአርቲስቱ ሥራ የሰፈሩን ታሪክ የሚነግሩን አዛውንቶችም አሉ። አርቲስቱ አበል ይከፈለዋል፤ እነሱ ግን ግማሽ ቀን ሙሉ አውርተው በምስጋና ይሸኛሉ። ይሄ ልክ አይደለም! ይከፈላቸው። የተቀዳው ድምፅ ቅጂም እዚያው ሰፈር ይቅር።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። አርቲስቶቹን የሚመርጠው ኮሚቴ ሲቋቋም ሁለት ወንበር ለሰፈሩ ነዋሪዎች እንስጥ። ለመታዘብ ብቻ እንዳይጠሩ፤ ድምፅ ይኑራቸው። ስማቸውንም የመጀመሪያው የአርቲስቶች ጥሪ ከመውጣቱ በፊት እንወቅ።

አመሰግናለሁ።